አሮጌ ኮምፒውተር፦ ፕሮሰሰሩን ልቀይር ወይስ ሌላ ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ኮምፒውተር የያዙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ኮምፒውተሬ ዘገምተኛ ሆኗል። ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ይሆን?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ዋና ቺፕ፣ በአገልግሎት ብዛት ፍጥነቱ እየቀነሰ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ኮር አይ 5 የሚባል ፕሮሰሰር ያኔ ይሠራ የነበረውን ያህል ዛሬም ይሠራል። የተለወጠው የምንጭንበት ሥራ ነው። ድሮ ወርድና ኤክሴል ብቻ ይከፈትበት የነበረ ማሽን ዛሬ ክሮም ላይ አሥር ገጽ፣ ቴሌግራም፣ አንቲቫይረስና ዊንዶውስ 10 በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

ሌላው አቧራ ነው። ፋኑና የማቀዝቀዣው ብረት በአቧራ ሲታፈኑ ፕሮሰሰሩ ይግላል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ገና ምንም ዕቃ ሳትገዙ በፊት አስጸዱት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስትም (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሐል የሚቀባውን ሙቀት አሻጋሪ ቅባት) አስቀይሩ። ይህን ብቻ አድርገው ሌላ ነገር ሳያስፈልጋቸው የቀሩ ብዙ ናቸው።

ችግሩ የፕሮሰሰሩ ይሁን የሌላ በምን አውቃለሁ?

ለዚህ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም። ኮምፒውተሩ በሚያስቸግራችሁ ሥራ መሐል እያለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው ራም) እና ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት) ከነፐርሰንታቸው ተደርድረው ይታያሉ። ማሽኑን እንዳበራችሁ ሁሉም ከፍ ስለሚል አሥር ደቂቃ ያህል ታግሣችሁ ተመልከቱ።

ሲፒዩው 15 ወይም 20 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ከተሰቀለ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ እህሉ በስኒ እየተሰፈረ ከመጣለት ዱቄቱ ቶሎ አይደርስም። ሜሞሪው ከ90 ካለፈ ራሙ አንሷል ማለት ነው። ዊንዶውስ የጎደለውን ቦታ ከዲስክ ስለሚበደር ዲስኩም አብሮ ይጨናነቃል። ሜሞሪውና ዲስኩ ተረጋግተው ሲፒዩው ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ 100 ላይ ከቆመ፣ ያን ጊዜ ስለ ፕሮሰሰር ማውራት እንጀምራለን።

እኛ ጋ «ፕሮሰሰር ቀይሩልኝ» ተብለው ከሚመጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው።

ኮር አይ 5፣ ኮር አይ 7፣ «ጀነሬሽን» የሚባለው ምንድን ነው?

ኮር አይ 3፣ አይ 5 እና አይ 7 ኢንቴል የሚባለው ኩባንያ ለፕሮሰሰሮቹ የሰጣቸው የደረጃ ስሞች ናቸው፤ ጀነሬሽን ደግሞ የወጡበት ትውልድ ነው። ስሙ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ፣ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ ከላይ በቀኝ በኩል ተጽፏል። ኮር አይ 5-3470 የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 3 ሦስተኛ ጀነሬሽን መሆኑን ይነግራችኋል። 8500 ከሆነ 8ኛ ነው። ቁጥሩ አምስት አሃዝ ሆኖ 10400 ወይም 12400 ካለ ደግሞ 10ኛና 12ኛ ነው። ኮር 2 ዱዎ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረ ነው።

ሰው «ኮር አይ 7 ነው» ስለተባለ ብቻ ጀነሬሽኑን ሳይጠይቅ ገንዘቡን ሲከፍል ማየት ያሳዝነናል። የ8ኛ ጀነሬሽኑ ኮር አይ 3-8100 አራት ኮር (በየፊናው የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) አለው፤ ከ2ኛ ጀነሬሽኑ ኮር አይ 7-2600 ጋር እኩል ይሰለፋል፣ በተራ የቢሮ ሥራም ይቀድመዋል። ኮረንቲ የሚፈጀውም ያነሰ ነው፤ የአንዱ 65 ዋት፣ የሌላው 95 ዋት ነው። አይ 3ና አይ 7 የሚሉት ስሞች የሚወዳደሩት በአንድ ጀነሬሽን ውስጥ ሲሆኑ ነው።

ፕሮሰሰሩን ትቼ ራምና ኤስኤስዲ ብቻ ባስገባ ይበቃኛል?

ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ ተማሪ፣ አዎ ይበቃል። 2ኛ ጀነሬሽን እና ከዚያ በላይ የሆነ ማሽን 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የፋይል ማስቀመጫ) ሲያገኝ ባለቤቱ ሌላ ኮምፒውተር የተሰጠው ይመስለዋል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ 500 ሜጋባይት ይደርሳል። ትልቁ ልዩነት ግን ከዚህም ይልቅ በጥቃቅን ፋይሎች ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል መርፌውን እያንቀሳቀሰ ቦታ መፈለግ አለበት፤ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነበው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው።

ስትገዙ የምትጠነቀቁት ነገር አለ። ራም ዲዲአር 2፣ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 እያለ ይለያያል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ የነበረውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ኤስኤስዲም ሁለት ዓይነት መልክ አለው፤ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚመስለው ጠፍጣፋውና እንደ ራም ቀጭን የሆነው ኤም 2። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያሉ የዚያ ዘመን ማሽኖች ማዘርቦርዳቸው (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ የኤም 2 ቦታ ስለሌላቸው ጠፍጣፋውን ግዙ። 256 ጊጋ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች ይበቃል፤ ፎቶና ቪዲዮ በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ማጫወቻው ወጥቶ በቦታው ካዲ በሚባለው መያዣ ሃርድ ዲስኩ ይገባል።

ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ራም ብታስገቡም የሚጠቀመው ከ4 ጊጋ አይበልጥም። እዚህ አካባቢ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ እንደ ልማድ ሲጫን የኖረባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። ራም ጨምራችሁ ምንም ለውጥ ካላያችሁ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡና በ64 ቢት ፎርማት አስደርጉት።

የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ይቀየራል?

በአብዛኛው አይቀየርም። ከ5ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉት ላፕቶፖች ፕሮሰሰራቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። በስማቸው መጨረሻ ዩ የሚል ፊደል ያላቸው ቀጫጭኖቹ ከዚያም በፊት እንዲሁ ነበሩ። የ2ኛና የ3ኛ ጀነሬሽን ወፈር ያሉ ላፕቶፖች ውስጥ የሚነቀል ይገኛል፤ ነገር ግን ለዚያ ዕድሜ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር መግዛት አንመክርም። ባትሪው፣ ማጠፊያውና ስክሪኑም አብረውት አርጅተዋል። ራምና ኤስኤስዲ ከጨመራችሁለት በኋላ ካልበቃችሁ ቀጣዩ እርምጃ ሌላ ላፕቶፕ ነው።

ዴስክቶፔ ላይ የትኛው ፕሮሰሰር ይገጥማል?

ወሳኙ የማዘርቦርዱ መቀመጫ ነው። ኢንቴል በየጊዜው መቀመጫውን ስለሚለውጥ ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ መሻገር አይቻልም። ኮር 2 ዱዎ የሚቀመጠው ኤልጂኤ 775 ላይ ነው። 2ኛና 3ኛ ጀነሬሽን ኤልጂኤ 1155 ላይ ይቀመጣሉ፤ 4ኛ 1150 ላይ፤ 6ኛና 7ኛ 1151 ላይ፤ 10ኛና 11ኛ 1200 ላይ፤ 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ 1700 ላይ።

ወጥመዱ ያለው 8ኛና 9ኛ ጀነሬሽን ላይ ነው። የእነሱም መቀመጫ 1151 ይባላል፣ የእግሩም ብዛት እኩል ነው፤ ግን ለ6ኛና ለ7ኛ በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አይሠሩም። ሻጩም ሳያውቀው «1151 ነው፣ ይገጥማል» ሊላችሁ ይችላል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ግን አይነሣም።

መቀመጫው ትክክል ሆኖ እንኳ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን የማያውቀው ከሆነ ዋጋ የለውም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 7010 ሁለቱም 1155 ናቸው፤ 7010 የ2ኛንም የ3ኛንም ጀነሬሽን ይቀበላል፣ 790 ግን የ2ኛን ብቻ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ሞዴል ጽፋችሁ በአምራቹ ገጽ ላይ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ተመልከቱ። እሱ ካልተገኘ በዚያው ሞዴል ውስጥ ሲሸጡ የነበሩትን ፕሮሰሰሮች ፈልጉ፤ ከፋብሪካው አብሮት ይወጣ የነበረ ሁሉ ይሠራል።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ነገር የተሻለ ነው። ኤኤም 4 የሚባለው መቀመጫ ራይዘን የሚባሉትን ፕሮሰሰሮቹን ከመጀመሪያዎቹ እስከ 5000ዎቹ ድረስ ያስተናግዳል። ራይዘን 1600 ይዞ ባዮሱን አዘምኖ 5600 የሚያስገባ ሰው ማሽኑን በእውነት አደሰው። በእኛ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው ከውጭ ቢሮዎች የወጣ ያገለገለ ዴልና ኤችፒ ስለሆነ ይህን ዕድል የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው።

ከአይ 3 ወደ አይ 7 ብቀይረው ልዩነቱ ይታየኛል?

እንደ ሥራችሁ ነው። ኮር አይ 3-3220 ሁለት ኮር፣ ኮር አይ 5-3470 አራት ኮር፣ ኮር አይ 7-3770 ደግሞ አራት ኮር ሆኖ ስምንት ሥራ በአንዴ የሚያስኬድ ነው። ቪዲዮ ወደ ፋይል ስታወጡ ሁሉም ኮር ስለሚሠራ ከአይ 3 ወደ አይ 7 መዝለል ሰዓቱን በግማሽ ገደማ ያሳጥረዋል። ወርድ ላይ ለመጻፍ ግን ልዩነቱ አይሰማችሁም፤ ሁለቱም ጣታችሁን ይጠብቃሉ።

ታስክ ማናጀር እዚህ ላይ ሊያሳስታችሁ ይችላል። አራት ኮር ባለው ፕሮሰሰር ሲፒዩው 25 ፐርሰንት ላይ ተክሎ ከቀረ አንዱ ኮር ሙሉ ለሙሉ ተይዞ ሌሎቹ ባዶ ሆነው ሊሆን ይችላል። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም የኮር ብዛት መጨመር አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ኮር የፈጠነበት አዲስ ጀነሬሽን ነው። ያ ደግሞ ሌላ ማሽን ማለት ነው።

እኛ ፕሮሰሰር ቀይሩ የምንለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ራሙና ኤስኤስዲው አስቀድመው ሲሟሉ፣ ያለው ፕሮሰሰር ፔንቲየም ወይም አይ 3 ሆኖ በዚያው መቀመጫ ላይ ያገለገለ አይ 5 ወይም አይ 7 በርካሽ ሲገኝ። ከአይ 5 ወደ አይ 7 በዚያው ጀነሬሽን መሄድ ቪዲዮ ለማይሠራ ሰው ገንዘብ መጣል ነው።

ማዘርቦርዱንም አብሬ ብቀይረውስ?

ማዘርቦርድ ሲቀየር ሌላውም ይከተለዋል። የ3ኛ ጀነሬሽን ዲዲአር 3 ራም ለአዲሱ አይሆንም፣ ስለዚህ ራም ይገዛል። ማቀዝቀዣው የሚታሰርበት ቀዳዳ ሊለያይ ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሳጥናቸውም ፓወር ሰፕላያቸውም በራሳቸው ልክ የተሠራ መሆኑ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 3020 እና 9020 ለምሳሌ ፓወር ሰፕላያቸው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ባለ 8 እግር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ተራ ማዘርቦርድ ባለ 24 እግር ይፈልጋል። የፊት ማብሪያው ገመድም አይመሳሰልም።

መጨረሻ ላይ ከአሮጌው የሚተርፋችሁ ባዶ ሳጥኑና ሃርድ ዲስኩ ብቻ ይሆናል። በዚያ ገንዘብ የ8ኛ ጀነሬሽን ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ሊገዛ ይችል ነበር። ራሳችሁ ዕቃ ለቅማችሁ የገጣጠማችሁት፣ ሰፊ ሳጥንና ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒውተር ካልሆነ በቀር ማዘርቦርድ መቀየርን አንመክርም።

መብራት ይመጣል ይሄዳል። ይሄ ነገር በውሳኔዬ ውስጥ ይገባል?

በጣም ይገባል፤ ሰው ግን አይቆጥረውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ መጀመሪያ የሚመታውም ፓወር ሰፕላዩ ነው። ፕሮሰሰሩ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ፣ ራሱን የሚያስነሣ ወይም ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር መጨመር ሸክሙን ያብሰዋል። በ35 ዋት ፕሮሰሰር የኖረ ትንሽ ሳጥን 95 ዋት ሲገባበት ፓወር ሰፕላዩም ማቀዝቀዣውም መቻላቸው መታየት አለበት።

ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ስትገዙ ከኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ቀይ ትንሽ መቀያየሪያ ካለች ተመልከቱ። 115 ላይ ከሆነች ከመሰካታችሁ በፊት በጠባብ ጠፍጣፋ መፍቻ ወደ 230 ግፏት። በ115 ላይ እያለች የእኛን 220 ቮልት ካገኘች ያንኑ ጊዜ ጧ ብሎ ይቃጠላል። ራሱ የሚለይ ፓወር ሰፕላይ መቀያየሪያዋ የለውም፤ እሱ ላይ 100-240 የሚል ተጽፏል።

ገንዘባችሁ ለፕሮሰሰርና ለዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የማይበቃ ከሆነ ዩፒኤሱን አስቀድሙ። ርካሹ ዲቫይደር ከቮልቴጅ መዋዠቅ አይከላከልም።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። የፕሮሰሰር ሙቀት ያሳስበኛል?

ብርዱ ይረዳችኋል፤ ግን የምታስቡትን ያህል አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይካካሳል፣ ግን በአቧራ ለታፈነ ፋን ብርዱ አይደርስለትም።

ወደ ሸዋሮቢት ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ችግር ይሠራ የነበረ 95 ዋት ፕሮሰሰር ከሰዓት በኋላ ፋኑ እየጮኸ ፍጥነቱን ሲቀንስ ታገኙታላችሁ። ሸዋሮቢት፣ አጣዬ ወይም አረርቲ ላይ ለሚሠራ ሰው ዝቅተኛ ዋት ያለውን ፕሮሰሰር፣ የተሻለ ፋንና በየሦስት ወሩ ጽዳት እንመክራለን። ኮር ቴምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱን ያሳያችኋል፤ በሥራ ላይ ከ85 በታች ከሆነ አትስጉ።

በመኪና ስታጓጉዙትም፣ በተለይ በጣርማ በር ቁልቁለት፣ ሲስተም ዩኒቱን ማዘርቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን አጋድማችሁ አስቀምጡት። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ከባድ ብረት ነው። ሳጥኑ ቆሞ ሲንገጫገጭ ማዘርቦርዱን ይጎትተዋል።

ዊንዶውስ 11 ያስፈልገኛል? ፕሮሰሰር ብቀይር ይቀበለዋል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽናችሁ በዚያ ቀን መሥራት አላቆመም፣ ግን አዲስ ለሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ መደፈኛ በመደበኛነት አይመጣለትም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ኢንቴሎች፣ ከራይዘን ደግሞ ከ2000ዎቹ ወዲህ ያሉትን ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል።

ስለ መቀመጫ ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል። 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ዴስክቶፕ ያለው ሰው 8ኛ ገዝቶ ዊንዶውስ 11 ልጫን ቢል አይሆንለትም፤ ማዘርቦርዱ አይቀበልም። በሌላ መንገድ አታሎ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ጥገና ቤትም ይጭናል። ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፤ ትልልቆቹ ዓመታዊ ማሻሻያዎችም በራሳቸው አይመጡለትም። የባንክ ሥራ፣ የሰው ሰነድ ወይም የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያዝበት ማሽን ከሆነ በዚህ መንገድ እንዲሄድ አንፈልግም።

ኢንተርኔት የማይነካና ለመጻፍ ብቻ የሚያገለግል ማሽን በዊንዶውስ 10 ይቀጥል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አሮጌ ማሽን ደግሞ ሊኑክስ ሚንት ይጫንበት። ነፃ ነው፣ ማሻሻያ ይመጣለታል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ፓወር ግዕዝን የለመደ ጸሐፊ ግን እጁን እንደገና ማስለመድ ስላለበት ከመወሰናችሁ በፊት እሱን ጠይቁት።

የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ፕሮሰሰር ወይስ ግራፊክስ ካርድ?

በ2ኛና በ3ኛ ጀነሬሽን ማሽን ላይ ሁለቱንም አትግዙ። ዛሬ ስልክና ካሜራ የሚቀርጹት ባለ 4ኬ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ኤች 265 በሚባለው አዲስ የማመቂያ ዘዴ የታመቀ ነው፤ እነዚያ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ይህን ለመፍታት የተሠራ ክፍል የላቸውም፣ ቪዲዮው ገና ሲከፈት ይንተፋተፋል። የተቀነባበረው ነገር እስኪወጣ ሌሊቱን ሙሉ ማደሩ የምታውቁት ነው። በዚህ ሙያ የምትኖሩ ከሆነ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ሙሉ ማሽን ግዙ፤ 16 ጊጋ ራም ያለው ይሁን። ግራፊክስ ካርድ ኋላ ሊጨመር ይችላል፤ ስለዚህ ስትመርጡ ትንንሹን ሳጥን ትታችሁ ረጅሙን ውሰዱ።

ፕሮሰሰሩን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ዴስክቶፕ ላይ ጥንቁቅ ሰው ይችላል። ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ተጭናችሁ የቀረውን ኮረንቲ አስወጡ፣ የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ሹራብና ጋቢ አውልቁ፤ ባና ወይም ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። በበጋው ደረቅ አየር ሱፍ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ንዝረት እናንተን ሳያሳምም ራሙን ሊገድል ይችላል። የእንጨት ጠረጴዛ ይሻላል።

ማቀዝቀዣውን ከማንሣታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አምስት ደቂቃ አሠሩት፣ ፔስቱ ይለሰልሳል። በኢንቴል የኤልጂኤ መቀመጫ ላይ ቀጫጭኖቹ እግሮች ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ጣትም ጨርቅም አይንካቸው፣ አንዷ ከተጠመዘዘች ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ኤኤም 4 ላይ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ አትጎትቱት፤ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ አላቅቁት። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን መቀመጫው ላይ ካለው ምልክት ጋር ትግጠም፣ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፣ አትጫኑት። ከምስር ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ፔስት መሐሉ ላይ ይበቃል። የፋኑን ገመድ መልሶ መሰካት አይረሳ።

ስንት ድረስ ላውጣበት?

እኛ የምንጠቀምበት ልክ ይህ ነው። የ8ኛ ጀነሬሽን ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ዋጋ በዕለቱ ጠይቁ፤ ለአሮጌው የምታወጡት ጠቅላላ ወጪ፣ ዕቃውም የእጅ ዋጋውም ተደምሮ፣ የዚያን ሲሶ ካለፈ አቁሙ። ኤስኤስዲ ከዚህ ስሌት ትንሽ ይወጣል፤ አሮጌው ቢሞት ነቅላችሁ ወደሚቀጥለው ታሻግሩታላችሁ። ፕሮሰሰርና ዲዲአር 3 ራም ግን ከማሽኑ ጋር ይቀራሉ። ኮር 2 ዱዎ ከሆነ ለፕሮሰሰርም ለራምም ምንም አታውጡ።

ያገለገለ ሌላ ልግዛ ካልኩ ምን ልመልከት?

ጀነሬሽኑን ከተለጠፈው ስቲከር ላይ ሳይሆን ከታስክ ማናጀር ላይ አንብቡ፤ ስቲከር ይለጠፋል። ላፕቶፕ ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽን ላይ አጥብቁ፤ ኮር አይ 5-7200ዩ ሁለት ኮር ሲሆን ተከታዩ 8250ዩ አራት ነው። እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 ያሉት በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛሉ፣ ቲ 480 ግን ባለ 7ኛ ጀነሬሽኑም አለ።

ከዚያ ባዮሱን ክፈቱ። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው፣ ቢረክስም ተዉት። ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቁልፍ በቀላሉ አይፈታም። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቱ፤ ባትሪው ስንት እንደወረደ ራሳችሁ ታያላችሁ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ይህን ሁሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጨርሱት፣ ለመመለስ 130 ኪሎ ሜትር እንደገና መጓዝ ከባድ ነው።

ፕሮሰሰሩን ቀየርኩ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ተቃጠለ?

ወዲያው «ተቃጠለ» አትበሉ። በመጀመሪያ ስሙን ተመልከቱ። በኢንቴል መጨረሻው ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ከራይዘኖቹም እንደ 5600 ያሉት፣ ጂ የሌለባቸው፣ የላቸውም። ግራፊክስ ካርድ የሌለበት ማሽን ላይ እነዚህን ብታስገቡ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እየሠራ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም።

እሱ ካልሆነ ራሞቹን ነቅላችሁ አንዱን ብቻ መልሱ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 4 እግር የኮረንቲ ገመድ አረጋግጡ፣ ክብ የሆነችውን ሲአር 2032 ባትሪ አምስት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት። አሁንም እምቢ ካለ የቀድሞውን ፕሮሰሰር መልሱ። በእሱ ከተነሣ አዲሱን ባዮሱ አላወቀውም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ በአሮጌው እያለ ባዮሱን አዘምናችሁ እንደገና ሞክሩ። ባዮስ በሚዘመንበት ሰዓት መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል፤ ላፕቶፕ ያልሆነ ማሽን ያለ ዩፒኤስ አይዘመን። የቀድሞውንም ፕሮሰሰር አዲሱ ጥቂት ሳምንት እስኪሠራ ድረስ አትሽጡት።